ብዙ እጅ የሠራውን ሥራ ለእያንዳንዱ ስለ መመዘን

ብዙ ሰዎች ተባብረው አንድ ሥራ በሠሩ ጊዜ ምስጋናው ወይም ነቀፌታው ለእያንዳንዱ በምን ልክ ይድረሰው የሚለው ጥያቄ አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ ገበሬ በወንፈልና በደቦ ሲሠራ ይህን ጥያቄ በሁለት ዐይነት መንገድ ሲመልሰው ኖሯል። በወንፈል ጊዜ ዛሬ ለባልንጀራው አንድ ቀን ያረሰ ሰው ነገ አንድ ቀን ይታረስለታል፤ በሬ ይዞ የመጣም በበሬ ይመለስለታል፤ ብድሩ ተቈጥሮ የታወቀ ነው። በደቦ ጊዜ ግን ባለ እርሻው እንጀራውንና ጠላውን ያቀርባል፤ ሲያጭድ የዋለውም፣ ሲዘፍን የዋለውም፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ያረፈውም ከአንድ ገበታ ይበላል፤ ነዶ የሚቈጥርበት የለም። ሁለቱም ሥርዐት መልካም ነው፤ ሰውም የትኛው በየት እንደሚገባ አውቆ ያደርገዋል። ጭንቅ የሚመጣው ሥራው እንደ ደቦ ተሠርቶ ሲያበቃ ሒሳቡ እንደ ወንፈል የተጠየቀ እንደ ሆነ ነው።

በዛሬው ዘመን ይህ መደበላለቅ ጐልቶ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ የምህንድስና ተማሪ ቤት ነው። መምህሩ ተማሪዎቹን አራት አራት ወይም አምስት አምስት አድርጎ ይከፍላቸውና ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ፕሮጀክት ይሰጣል፤ ይኸውም የትንሽ ድልድይ ንድፍ፣ ወይም ውሃ ከጕድጓድ የሚስብ ፓምፕ፣ ወይም ይህን የመሰለ ሌላ ነገር ነው። ወራት ካለፉ በኋላ አንድ ጥራዝ ይቀርባል፤ በጥራዙ ራስ ላይ አራት ስም ተጽፎበታል። መምህሩም መርምሮ ከመቶ ሰማንያ ይሰጠዋል። ሰማንያው የጥራዙ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ጥራዝ ተመርቆ አይወጣም፤ ተመርቀው የሚወጡት አራቱ ሰዎች ናቸው።

እያንዳንዱን ለብቻው መፈተን ሳለ ስለ ምን ወደዚህ ተገባ የሚል ቢኖር መልሱ ቀላል ነው። ግድብን ወይም የኤሌክትሪክ ማመንጫን ብቻውን የሠራ መሐንዲስ የለም። በአሜሪካ የምህንድስና ትምህርትን የሚመረምረው፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተውና ዛሬ ኤቤት ተብሎ የሚጠራው ድርጅት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው) ከ1990ዎቹ ማለቂያ ወዲህ ባወጣው መመዘኛ፣ ተመራቂ ሁሉ ከሌሎች ጋር በቡድን ለመሥራት የሚችል መሆን አለበት ይላል። ከ2019 ወዲህ የሚሠራበት ቃል ደግሞ ይበልጥ ዝርዝር ነው፤ የቡድኑ አባሎች በአንድነት እንዲመሩ፣ ማንንም የማያገልል የመተባበር መንፈስ እንዲፈጥሩ፣ ግብ እንዲያቆሙ፣ ሥራ እንዲያቅዱ፣ ያሰቡትንም እንዲፈጽሙ ይጠይቃል። እንግዲህ መተባበር ራሱ ትምህርት ሆኗል ማለት ነው። ትምህርት ከሆነም ይመዘናል፤ ለመተባበር የሚሆን ሚዛን ግን እንደ ሒሳብ ፈተና በቀላሉ አይገኝም።

ማክሲሚልያን ሪንግልማን የሚባል ፈረንሳዊ የእርሻ መሐንዲስ በ1880ዎቹ ዓመታት ሰዎች ገመድ ሲስቡ ኀይላቸውን ለካ፤ የደረሰበትንም በ1913 ዓ.ም. አሳተመ። ብቻውን የሚስብ ሰው ኀይል መቶ ቢባል፣ ሁለት ሆነው ሲስቡ የእያንዳንዱ ኀይል 93፣ አራት ሲሆኑ 77፣ ስምንት ሲሆኑ 49 ሆኖ ተገኘ። ስምንቱ ሰዎች የአራት ሰው ያህል እንኳ አልሳቡም። ለዚህ ሁለት ምክንያት መስጠት ይቻላል፤ አንደኛው የብዙ ሰው እጅ በአንድ ቅጽበት ስለማይስብ ነው፤ ሁለተኛው ሰው ከብዙዎች መካከል ሲሆን ስለሚለግም ነው። በ1974 ዓ.ም. በአሜሪካ የተደረገው ፈተና ይህን ለየ፤ የሰዎቹን ዐይን ሸፍነው፣ ሌሎች አብረው የሚስቡ አስመስለው፣ በእውነት ግን ብቻቸውን ቢያስቧቸው ኀይላቸው ቀነሰ። በ1979 ዓ.ም. ላታኔ፣ ዊልያምስና ሃርኪንስ የተባሉ ሊቃውንት በማጨብጨብና በመጮኽ ይህንኑ አሳዩ። በ1981 ዓ.ም. ያሳተሙት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ የእያንዳንዱ ሰው ድምፅ ለብቻው እንደሚለካ በታወቀ ጊዜ ልግመቱ ጠፋ።

ከዚህ እንደሚታየው ለጋሚው በተፈጥሮው ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራው የማይታይ የሆነ እንደ ሆነ እጁ ራሱ ሳያውቀው ይላላል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» መባሉ እውነት ነው፤ ድሩ ሲያብር እያንዳንዱ ክር እንደሚቀጥን ግን ተረቱ አልነገረም።

አሁን ያ ከመቶ ሰማንያ የተሰጠው የድልድይ ንድፍ ይታሰብ። ከአራቱ አንዱ ስሌቱን ሁሉ ሌሊት ሌሊት ሠርቶታል። ሁለተኛው አንደበቱ የቀና ነውና በጉባኤ ፊት ቆሞ አስረድቷል፤ የሰሙትም ሥራው የእርሱ መሰላቸው። ሦስተኛይቱ ቃለ ጉባኤ ይዛለች፣ ሁለቱ በተጣሉ ጊዜ አስታርቃለች፣ ከተለያየ እጅ የመጣውን ወረቀት አንድ ወጥ አድርጋ ጽፋለች፤ በሥዕሉና በስሌቱ መካከል የነበረውን የልክ ስሕተት ያገኘችውም እርሷ ናት። አራተኛው ሦስት ጊዜ መጥቶ ስምንት ጊዜ ቀርቷል። ለሁሉም ሰማንያ ተጻፈላቸው።

ይህ ፍርድ ነውን? አርስጣጣሊስ ስለ ጠባይ በጻፈው መጽሐፍ በአምስተኛው ክፍል እንደሚያስረዳው፣ በማከፋፈል ጊዜ ፍርድ ማለት ለሁሉ እኩል መስጠት ሳይሆን ለእያንዳንዱ እንደሚገባው መጠን መስጠት ነው፤ ጠብም የሚነሣው እኩል የሆኑት እኩል ያልሆነውን፣ እኩል ያልሆኑትም እኩሉን ሲቀበሉ ነው። ለአራተኛው የሚራራ ሰው ግን «ሦስቱ ምን ጐደለባቸው? ሰማንያቸውን አግኝተዋል» ሊል ይችላል። ክርክሩ ውበት አለው፤ ማርክ ደመወዝ ቢሆን ኖሮም ይረታ ነበር። የደቦው ባለቤት ለሠራውም ለተኛውም እኩል ቢያበላ የሚያበላው የራሱን እንጀራ ነው፤ ለጋስ ይባላል እንጂ ሐሰተኛ አይባልም። ማርክ ግን ከመምህሩ ጎተራ የሚወጣ እህል አይደለም። ማርክ ምስክርነት ነው፤ «ይህ ሰው ይህን ያህል ያውቃል» ተብሎ ለማያውቁት ሰዎች የሚላክ ቃል ነው። ቃሉን የሚቀበሉትም በዚያ ክፍል ውስጥ ያልነበሩ፣ ነገ በድልድዩ ላይ የሚያልፉ፣ ከግድቡ በታች የሚያድሩ ሰዎች ናቸው። መምህሩ ለጋስ ሲሆን የሚሰጠው የእነርሱን ነው።

የብዙዎች ሥራ ተጠያቂ ሲያጣ የሚያመጣውን ለማየት ካንሳስ ሲቲ የሆነውን መመልከት ይበቃል። በዚያች ከተማ በሐያት ሪጀንሲ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ በብረት ዘንግ ከጣሪያ የተንጠለጠሉ መተላለፊያዎች ነበሩ። ጁላይ 17 ቀን 1981 ዓ.ም. ሕዝብ ለጭፈራ ተሰብስቦ ሳለ ሁለቱ መተላለፊያዎች ወድቀው 114 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 የሚበልጡም ቈሰሉ። በመጀመሪያው ንድፍ አንድ ረጅም ዘንግ ከጣሪያ ተነሥቶ ላይኛውንም ታችኛውንም እንዲይዝ ታስቦ ነበር። ኋላ ግን ለሥራ እንዲቀል ዘንጉ ለሁለት ተከፈለ፤ ታችኛው መተላለፊያ ከላይኛው ላይ ተንጠለጠለ። በዚህም ምክንያት የላይኛው መጋጠሚያ የሚሸከመው ሸክም እጥፍ ሆነ። ይህን ለማወቅ ጥልቅ ዕውቀት አያሻም፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በአንድ ወረቀት ላይ ሊያሰላው ይችላል። ነገር ግን ብረት ሠሪዎቹ መሐንዲሶቹ አስልተውታል ብለው፣ መሐንዲሶቹም ብረት ሠሪዎቹ ያሰሉታል ብለው ተዉት፤ ሥዕሉም ማኅተም ተመትቶበት አለፈ። በመጨረሻ የሚዙሪ ግዛት ጕዳዩን መርምሮ ኀላፊነቱን ማኅተሙ በሆነው መሐንዲስና በሥራው መሪ ላይ አደረገ፤ የሥራ ፈቃዳቸውም ተነጠቀ።

«ሌላው አይቶታል» የማለት ልማድ ሰው ማኅተም ከተሰጠው በኋላ የሚማረው አይመስልም። አራት ስም በአንድ ጥራዝ ላይ በሚጻፍበት ጊዜ ተምሮት ይወጣል።

ሊቃውንቱ ለዚህ የሰጡት ምክር ተማሪዎቹ ራሳቸው እርስ በርሳቸው እንዲመዛዘኑ ነው። በ1990 ዓ.ም. ጎልድፊንችና ሬይሳይድ የተባሉ መምህራን በስኮትላንድ ስለዚህ ጽፈዋል፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ካውፍማን፣ ፌልደርና ፉለር በአሜሪካ የምህንድስና ተማሪዎችን የመዘኑበትን መንገድ አሳትመዋል። መንገዱም እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ራሱንና ባልንጀሮቹን ከዘጠኝ ቃል በአንዱ ይገልጻቸዋል፤ የመጀመሪያው ቃል እጅግ መልካም ማለት ነው፣ የመጨረሻው ከቶ አልታየም ማለት ነው። ቃሎቹ ከመቶ እስከ ዜሮ ወደ ቍጥር ይለወጣሉ። የአንዱ ተማሪ አማካይ ለቡድኑ አማካይ ይካፈልና በጥራዙ ማርክ ይባዛል፤ ከ1.05 በላይ ግን ለማንም አይፈቀድም። በዚያ በድልድዩ ንድፍ የአራቱ አማካይ በተራ 87.5፣ 87.5፣ 75 እና 50 ቢሆን የቡድኑ አማካይ 75 ይሆናል፤ ስለዚህም ስሌት የሠራውና በጉባኤ የተናገረው 84፣ ሦስተኛይቱ 80፣ አራተኛው 53 ያገኛሉ።

ሒሳቡ ንጹሕ ነው። ሒሳቡ የሚቈጥረው ግን የተነገረውን ቃል እንጂ ሥራውን አይደለም። አራቱ ከመስጠታቸው በፊት ተማክረው «ሁላችን ለሁላችን እጅግ መልካም እንበል» ያሉ እንደ ሆነ ክፍያው አንድ ይሆንና ሁሉም ወደ ሰማንያቸው ይመለሳሉ። ደግሞም ሚዛኑ ሰውን የሚመዝነው ከጎኑ ካሉት ጋር ስለ ሆነ፣ ከሦስት ትጉሃን መካከል ያለ ትጉህ ምንም አይጨመርለትም፤ ከሦስት ሰነፎች መካከል ያለ መካከለኛ ግን ከፍ ይላል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው የሦስተኛይቱ ነገር ነው። ያገኘችው 75 ሥራዋ አንሶ ሳይሆን ሥራዋ ስላልታየ ነው፤ ሰው ያስታረቀውን ሰው አያስታውሰውም፣ ጠቡን ብቻ ነው የሚያስታውሰው። በ2007 ዓ.ም. የታተመው ካትሚ የሚባለው መመዘኛ ይህን ለማቅናት ይረዳል፤ ጥያቄውን በአምስት ከፍሎታልና፤ ለሥራው ያበረከተው፣ ከባልንጀሮቹ ጋር ያለው ግንኙነት፣ ቡድኑን በመንገዱ ላይ ማቆየቱ፣ ጥራትን መሻቱ፣ ዕውቀቱና ችሎታው። እንዲህ በዝርዝር ሲጠየቁ ሁለቱ ወንዶች በአምስቱ ውስጥ ሦስተኛይቱን ማንሣታቸው አይቀርም።

ከሒሳቡ የሚከብደው ግን የጠባይ ጥያቄ ነው፤ ጓደኛን በጓደኛው ላይ ማስመስከር ይገባልን?

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ፕሮጀክት በቡድን መሥራት የተለመደ ነው፤ በ2010ዎቹም ዓመታት ተማሪዎች «አንድ ለአምስት» ተብለው ተደራጅተው እንዲማሩ ተደርጎ ነበር። በተማሪውም ዘንድ «ስሜን አስገቡልኝ» የሚል አነጋገር አለ። አነጋገሩን ልብ ብሎ ለሰማው ልመና ነው፤ የሚለመነው ግን ቍራሽ አይደለም፣ ምስክርነት ነው። ለማኙ አብሮ የበላ፣ በአንድ ክፍል ያደረ፣ ምናልባትም የአገር ልጅ ነው። እምቢ የሚለው ጨካኝ ይባላል። ይሉኝታ የሚባለው ነገር በመልካም ስፍራው ሰውን ከነውር የሚጠብቅ አጥር ነው፤ በዚህ ስፍራ ግን እውነተኛውን አፉን ይዘጋዋል፤ አስገቢውም ገቢውም እንዳይተፋፈሩ የሚጐዳው ሦስተኛ ሰው ይፈለጋል። እርሱም በክፍሉ ውስጥ የለምና አይከራከርም።

ጓደኛን ማስመስከር አይገባም የሚሉ ሰዎች የሚፈሩት በከንቱ አይደለም። በጨረሻው ሳምንት በምስጢር የሚጻፍ ቍጥር ወዳጅነትን ያበላሻል፤ ፈሪውን አስመሳይ፣ ቂመኛውን ተበቃይ ያደርጋል። ይገባል የሚሉትም በከንቱ አይናገሩም፤ ነገ በሥራ ላይ ባልንጀራውን «ይህ ስሌት ተሳስቷል» ለማለት የማይደፍር መሐንዲስ ለማን ይጠቅማል? ጕዳዩ የሚፈታው ቃሉ መቼና ለማን እንደሚነገር በማየት ነው። በሦስተኛው ሳምንት ለራሱ ለባለቤቱ ፊት ለፊት የተነገረ ቃል ወቀሳ ነው፤ ወቀሳም የወዳጅ ሥራ ነው፤ ለመታረምም ጊዜ ይተርፋል። ሥራው ካለቀ በኋላ ለመምህሩ በጆሮ የተነገረ ያው ቃል ግን ክስ ነው። ስለዚህ እርስ በርስ መመዛዘን በትምህርቱ መካከል ሲሆን ትምህርት ነው፤ በመጨረሻ ብቻ ሲሆን ችሎት ነው። ችሎት ከሆነ ደግሞ ምስክርና ዳኛ ይለያሉ። የጓደኞቹን ቃል ሳይመረምር በቀጥታ ወደ ማርክ የሚለውጥ መምህር ምስክሮቹን ዳኛ አድርጎ ሾሟል፤ ራሱንም ጸሐፊ አድርጓል።

በቅኔ ቤት ተማሪዎች በአንድነት ይኖራሉ፤ የቀደመው የኋለኛውን ያርመዋል፤ ያለ ባልንጀራ ቅኔ የተማረ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ በመምህሩ ፊት ቅኔውን የሚናገረው እያንዳንዱ በራሱ አፍ ነው። የሰው ቅኔ ቃርሞ የሚመጣ ተማሪ አይጠፋም፤ መምህሩም ከሰማ በኋላ ሰሙ የት ነው፣ ወርቁ የት ነው፣ ይህ ግሥ ስለ ምን በዚህ ገባ ብሎ ይጠይቀዋል። የራሱን የተናገረ ተማሪ ቢሳሳት እንኳ ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ ያውቀዋል። የቃረመው ግን የቀና ቅኔ ይዞ ዝም ይላል። ለድልድዩም ከዚህ የተሻለ መመርመሪያ አልተገኘም። አራተኛውን «ይህ ምሰሶ ስለ ምን ይህን ያህል ውፍረት ተሰጠው?» ብሎ መጠየቅ ነው። አንደበተ ቀናውን ደግሞ ካስረዳው ወረቀት ላይ አንዱን ቍጥር ለውጦ «አሁንስ ምን ይሆናል?» ማለት ነው፤ በዚያን ጊዜ ቃሉና ዕውቀቱ ይለያያሉ።

ስለ ለጋሚው ብዙ ይባላል፤ ስለ ትጉሁ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ስሌቱን ሁሉ ሌሊት ሌሊት የሠራው ተማሪ ሰማዕት ይመስላል። አራተኛው ግን በመጀመሪያው ሳምንት የተሳሳተ ስሌት ይዞ መጥቶ እንደ ሆነስ? ትጉሁም ስቆ «ተወው፣ ከማስረዳት ብሠራው ይፈጥናል» ብሎት እንደ ሆነስ? የቀረባቸው ስምንት ቀኖች በዚያ ቀን ተጀምረው ይሆናል። ወይም ሌሊት ሌሊት ሠርቶ የሚበላ ይሆናል፤ ይህንም ለማንም አልነገረም። እንዲህ በሆነ ጊዜ ትጉሁ ከሦስቱ ላይ የወሰደው ነገር አለ፤ እርሱም ተሳስቶ የመማር ዕድል ነው። ትምህርቱ መተባበርን ለማስተማር ከታሰበ ትጉሁም በዚያ ጐድሎበታል፤ በ84 የተጻፈለት ግን ይህን አያሳይም። መምህሩ ቡድኖቹን ራሱ እንዲመድብ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም አንዲትን ሴት በወንዶች መካከል ብቻዋን እንዳያደርጋት በ2004 ዓ.ም. ኦክሊ፣ ፌልደር፣ ብሬንትና ኤልሐጅ የመከሩት ከዚህ ዐይነት መገለል ለመጠበቅ ነው። ምክራቸው የማይሠራውን አባል ደጋግመው ካስጠነቀቁ በኋላ ማሰናበትን እንኳ ይፈቅዳል፤ ይህ ግን የመጨረሻ መድኃኒት ነው፤ ሲሠራበትም ሳይሆን መኖሩ ሲታወቅ ነው የሚጠቅመው።

እንግዲህ ድልድዩ አንድ ስለ ሆነ አንድ ማርክ ይሰጠው፤ ይህን የሚከለክል የለም። ያ ማርክ ግን ብቻውን ማንንም ማሳለፍ አይገባውም፤ በራሱ አፍ ሲጠየቅ የወደቀ ተማሪ በባልንጀሮቹ ጥራዝ ተሸክሞ እንዳያልፍ በትምህርቱ መጀመሪያ ቀን ይነገረው። በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ የጊዜ ነው። ስልሳ ተማሪ ያለው መምህር እያንዳንዱን አሥር ደቂቃ ቢጠይቅ 600 ደቂቃ፣ ማለት አሥር ሰዓት ይፈጅበታል፤ ሁለትና ሦስት ክፍል የተጫነበትም አለ። ተቃውሞው እውነት ነው፤ መልስ የሚገባውም ለመምህሩ ሳይሆን ክፍሉን እንዲህ አድርጎ ለሞላው ሹም ነው። ሆኖም የአሥራ አምስት ቡድን ጥራዝ ከዳር እስከ ዳር ለማንበብም አሥር ሰዓት አይበቃም፤ ብዙው ጥራዝ በእውነት እስከ ዳር አይነበብም። ከሁለቱ አንዱን መተው ግድ ከሆነ የወረቀቱን ንባብ ማሳጠር ይሻላል።

ሲጠየቁ ሦስተኛይቱ የልክ ስሕተቱን እንዴት እንዳገኘችው ትናገራለች፤ መምህሩም ያን ጊዜ ብቻ ይሰማዋል። አራተኛው ስለ መጋጠሚያው ተጠይቆ ዝም ይል ይሆናል። ስለ ቀሩት ስምንት ቀኖችም ይጠየቅ፤ ምክንያቱም ይሰማለት። ከዚያ በኋላ ሌላ ድልድይ ይሰጠው፤ ትንሽ፣ የራሱ፣ ለብቻው የሚያሰላው፤ ጊዜም ይጨመርለት። የሦስቱ ሰማንያ ግን በእርሱ ስም አይጻፍ።